ፈረሴን ስለገመገሙልኝ ከልብ አመሰግናለሁ

ለክቡር አቶ መዝገቡ
የጥምቀት በዓል የአማተር ጋላቢዎች የመሰናክል ግልቢያ
የተወዳዳሪዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንዴት ከረሙልኝ? በዓሉስ በሰላም አለፈልዎት? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ጥላ ይዞ የሚከተልዎት ረዳትዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ ይብራ፤ በተጠሙም ጊዜ ሁሉ የታሸገ ውሃ ከፊትዎ አይጥፋ። ይህን የምመኝልዎት ከልቤ ነው፤ ጥም ምን እንደሚያደርግ በቅርቡ በዓይኔ አይቻለሁና። እኔም ፈጣሪ ይመስገን አለሁ።

ስሜ መሸሻ ነገሬ ይባላል። የምኖረው ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። ሃያ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ፤ አስፋልት መጥቶ ጋሪ ከመንገድ ሲባረር ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ። ጥር 5 ቀን ከሜዳው ጥግ፣ ከሰልፉ ጭራ ላይ፣ ዳማ ፈረስ ይዤ ቆሜ የዋልኩት ሰውዬ ነኝ። ባያስታውሱኝም አልቀየምዎትም፤ እርስዎ ከተቀመጡበት ድንኳን እኔ እስካለሁበት ሩቅ ነበር፣ ፀሐዩም ዓይን ያጭበረብር ነበር።

ፈረሴ ገስግስ ይባል ነበር። መጀመሪያ "ይባላል" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ዕድሜው አሥራ አራት ዓመት ነበር። ጋሪ ሲቀር ጓደኞቼ ሁሉ ፈረሳቸውን ሸጡ፣ እኔ አልሸጥኩም። ባለቤቴን ብርቅዬን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ታክሲ የማይገባበትን ጭቃ እየረገጠ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ ነው። እሷ ስትሳፈር እርምጃውን ይቀንስ ነበር፤ ማንም አላስተማረውም። ታዲያ ይህን ምን ብዬ ልሽጠው? እሁድ እሁድ ወደ ሜዳ ወጣ እያልኩ እጋልበዋለሁ፤ ወድቆ የተጋደመ ባሕር ዛፍ ካየ ሳልነግረው ይዘለዋል። ልጄ ውዳሴ የእርስዎን ማስታወቂያ ስታነብልኝ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ገስግስን ለአንድ ቀን ከኋላው ጋሪ ሳይኖር ይየው ብዬ። ሽልማቱ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ስላየሁ እኔም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ስላመነኮሱኝ አመሰግናለሁ። በእኛ ሰፈር ጋሪ ነጂ በፈረሱ ስም ይጠራል። ድሮ የጌቶች ወግ ነበር አሉ፤ እኛ ለቀልድ ጀምረነው ሳናስበው ስም ሆኖ ቀረ። እኔ አባ ገስግስ ነኝ። ውዳሴም ቅጹ ላይ "የተወዳዳሪው መጠሪያ" የሚለውን ስታይ፣ አባቷን ከፍ ያደረገች መስሏት፣ "አባ ገስግስ" ብላ ሞላችው። ከሳምንት በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን፣ "አባ" የተባልኩት ተወዳዳሪ የሃይማኖት አባት እንደመሆኔ በጥምቀት ሰሞን ታቦት ማጀብ እንጂ ፈረስ መጋለብ ስለማይገባኝ፣ ከማገለግልበት ደብር የፈቃድ ወረቀት እንዳቀርብ ያዝዛል። ወይ ጉድ! የፈረስ ውድድር የሚገመግም ኮሚቴ የፈረስ ስም አያውቅም ብዬ በምን ልጠርጥር? ውዳሴማ "አባዬ፣ አንተ መነኩሴ ከሆንክ እኔ ከወዴት መጣሁ?" ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ ሚስት አግብቼ የቀበርኩ፣ ልጅ ያደረስኩ ሰው መሆኔን ባስረዳም፣ መነኩሴ አለመሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ ካላመጣሁ እንደማይሆን ተነገረኝ። እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ባለማግኘቴ የእድራችንን ሊቀመንበር ሐጂ ሰይፈዲንን አስቸገርኳቸው። እሳቸውም፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ "አቶ መሸሻን ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ሙስሊም ብሆንም መነኩሴ እንዳልሆኑ ለማወቅ አልተቸገርኩም" ብለው ጽፈው የእድሩን ማኅተም መቱበት። ኮሚቴዎ ተቀበለው። ነገር ግን ስሜ "ልዩ ጉዳይ" ከሚል ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ስለነበር ተራዬ ከአሥራ ሰባቱ ተወዳዳሪዎች የመጨረሻው ሆነ። ይህችን ተራ ልብ ይበሉልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

2ኛ. ስለ ነጥብ አሰጣጡ አመሰግናለሁ። ለጋላቢው አለባበስ ሠላሳ፣ ለፈረሱ ጌጥ ሠላሳ፣ ለቃል ጥያቄ ሃያ፣ ለግልቢያው ደግሞ የተረፈውን ሃያ መደባችሁ። በዚህ ሚዛን አንደኛ የወጣው አምባላይ ፈረስ በእውነት ያምራል፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ ሰርግ ላይ ሙሽራ እየተሸከመ ፎቶ የሚነሳው የኪራይ ፈረስ ነው። የመጀመሪያው የመሰናክል ግንድ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ካሜራውን አየና አንገቱን ሰበቀ፤ ከዚያ ግንዱን በጎን ዞሮ አለፈ። ሁለተኛ የወጣው ባለ ጓንቱ ወጣት፣ ከሜዳው ዳር ባጃጅ ጥሩንባ ስትነፋ የፈረሱን አንገት አቅፎ እናቱን ጠራ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቦት ጫማው ግን ሠላሳውን አስገኝቶለታል።

እኔን የጠየቃችሁኝ ፈረስ ለቱሪዝም ስላለው አስተዋጽኦ ነበር። "ተሸክሞናል" ብዬ መለስኩ። ከሃያው ነጥብ ሦስት ብቻ ሰጣችሁኝ። ገስግስን ደግሞ ጋሪው ትከሻው ላይ ስለተወው ጠባሳ "የአካል ገጽታው ለበዓሉ ድምቀት የማይመጥን" ብላችሁ ጻፋችሁበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እኔን ብትንቁ ግድ የለኝም ነበር። ያ ጠባሳ ግን የማን እህል፣ የማን ሲሚንቶ፣ የማን በሽተኛ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

3ኛ. ስለ ውሃው።

እዚህ ላይ አመሰግናለሁ ሳልል አልፌያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመመሪያችሁ ላይ "ፈረሶች ሆዳቸው ተነፍቶ በፎቶግራፍ ላይ ቁመናቸው እንዳይበላሽ፣ ከመገምገማቸው በፊት ውሃ እንዳይጠጡ" የሚል ተጽፏል። ይህን የመከረዎት ሰው ፈረስ ያየው ፎቶ ላይ ብቻ መሆን አለበት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንድንደርስ ታዝዘን ደረስን። እርስዎ ስብሰባ ስለነበረብዎ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ፤ ንግግርም አደረጉ፣ ስለ አባቶቻችን የፈረስ ፍቅር። ግምገማው ተጀመረ። የተገመገመው እየወጣ ፈረሱን ያጠጣል፣ እኔ አሥራ ሰባተኛው ቆሜያለሁ። ውሃ የሞላ ሮቶ ከእኔ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ገስግስ ሽታው ደርሶት አፍንጫውን ወደዚያ አዙሮ ቆመ።

ሁለት ጊዜ አስፈቀድኩ። አስተናባሪዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም፤ "ጋሼ፣ ከሰልፉ ከወጡ ተራዎ ያልፋል፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው" አለችኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ገስግስ ልጓሙን መላስ ጀመረ። ከዚያ ራሱን ትከሻዬ ላይ አስደገፈ። እንዲህ የሚያደርገው ሲደክመው ነው፣ እኔም አውቃለሁ፤ አሥራ አራት ዓመት የማውቀው ፈረስ ነው። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ የምቆጣውን ያህል በራሴ ላይ ካልተቆጣሁ ዋሾ ነኝ። ሃምሳ እርምጃ ነበር። ልጓሙን ጎትቼ፣ ተራውም ውድድሩም ገደል ይግባ ብዬ መሄድ እችል ነበር። ማን ያስረኝ ነበር? እኔ ግን መጠሪያውን አስተካክዬ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ለምኜ ያገኘኋትን ተራ ማጣት ፈራሁ። ሰው እንዲያየው ፈልጌ እኔው ሳላየው ቀረሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተጠራን። ያችን አንዲት ደቂቃ አልክዳችሁም። አራቱንም መሰናክሎች ዘለለ፣ ሦስቱን ግንድም ቦዩንም፤ አንዱንም በሰኮናው አልነካም። ከዳር የቆመው ሰው በጭብጨባ ጮኸ፣ ውዳሴ ታለቅስ ነበር። "ያ የጋሪው ፈረስ ነው እኮ!" ሲሉ ሰምቻለሁ። በግልቢያው ከሃያ ሃያ ሰጥታችሁታል፤ ውጤቱ የተለጠፈው ጥር 8 ቀን በመሆኑ እሱ አልደረሰበትም። በድምሩ አሥራ ሰባተኛ ነን።

ከዚያ ውሃ አጠጣሁት። ብዙ ጠጣ፣ ተው ልለው አንጀቴ እምቢ አለ። ይህም የእኔ ጥፋት ነው፤ ትኩስ ፈረስ እንደዚያ አይጠጣም። ቤት ሳንደርስ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፣ እየተኛ እየተነሳ ደረሰ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ መርፌ ወጋው፣ ፀሐይና ጥም በርትተውበታል አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ውዳሴ አንገቱን ይዛ፣ ሞተ። እንዳይነፋ የፈራችሁለት ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር።

በአራተኛ ደረጃ ልጽፈው ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ጠፋብኝ።

5ኛ. ስለ ቀብሩ ላመሰግን የሚገባኝ እርስዎን ሳይሆን ሌሎችን ነው። የሞተ እንስሳ በመኪና ተጭኖ ቆሼ እንደሚጣል ነግረውኝ ነበር። ቆሼን አውቀዋለሁ፤ ገስግስን እዚያ ልጥለው አልቻልኩም። የእድራችን ደንብ ስለ ፈረስ የሚለው ነገር የለም፤ ሐጂ ሰይፈዲን ግን የእድሩን አካፋና ዶማ አስጭነው መጡ፣ ከወፍጮ ቤታቸው ጓሮ ቦታ ሰጡን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተራ እየገባ ቆፈረ። ማንም አልሳቀብኝም። የጥምቀት ዕለት ውዳሴ ጠበሉ ተረጭቶባት፣ ነጠላዋ ርሶ ስትመጣ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አገር በሙሉ በውሃ የሚባረክበት በዓል ነው፤ የእኔ ፈረስ ለዚያ በዓል ሲሰናዳ ውሃ ተጠምቶ ሞተ። ይህን ሳስበው ያቃጥለኛል።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ አሁን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ጨንቆታል። ባለሱቋ ሰዓዳ "አባ ገስ..." ብላ ትጀምርና አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ከዚያ "ጋሼ መሸሻ" ትለኛለች። እኔም ለሁለቱም ወዲያው አቤት አልልም።

ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠብቅም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የእኔ ፈረስ ያደረሰኝ እዚህ ደብዳቤ ድረስ ነው፣ የቀረውን እኔው ልዋጋ። የምለምንዎት በሚቀጥለው ዓመት መመሪያ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ ነው፤ "የቆመ ፈረስ ውሃ ይሰጠው" የምትል። ለኮሚቴው ከባድ ከሆነች ውዳሴ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ትጽፍላችኋለች።

ድንኳንዎ አይጉደል፣ ወንበርዎ አይነቅነቅ፣ በየዓመቱ አዳዲስ ፈረሶች በፊትዎ ተሰልፈው ፈቃድዎን ይጠብቁ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበትዎታለሁ።

መሸሻ ነገሬ
ኮልፌ ቀራንዮ
ጥር 15 ቀን

ማስታወሻ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ ደብዳቤ፣ 17 ቁጥር የታተመበትን የፈረስ ልብስ አጥቤና አጣጥፌ እስከ ዓርብ እንድመልስ ታዝዣለሁ። ትእዛዝዎን ሳልፈጽም ስቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አፈር ልናለብሰው ስንል ዓይኑ አልከደን ስላለኝ፣ የሸፈንኩለት በእሱ ነው።