በየሺ ላይ የተቀበልኩት ግጥም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የሺ ቤቴ መጣች። ሐይቁ ዳር ባለው መዝናኛ እኔ ማሲንቆ እመታለሁ፣ እሷ ትጨፍራለች። እዚያ የምንሠራው ሁሉ ማኅበር እናቁም ብላ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

"በዚህ ዕድሜዬ ማኅበር አልገባም" አልኳት።

"አባባ፣ ቅዳሜ ያን ግጥም ለምን ተቀበሉት?"

ቅዳሜ አንድ የሰከረ እንግዳ "ተቀበል!" ብሎ ስለ ገላዋ ጸያፍ ግጥም ሰጠኝ። እንግዳ የሰጠውን መቀበል የማሲንቆ ወግ ነው፤ ተቀብዬ አዜምኩት። ሰው ሳቀ። እሷ እንባዋ እየወረደ ጨፈረች፤ አለቃችን ከመድረክ እንዳትወርድ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

"እምቢ ብል ያባርረኛል" አልኳት።

"ብቻዎን ሲሆኑ ነዋ! ሁላችንም እምቢ ካልን አለቃችን ያንን ቦርጭ ይዞ ራሱ ሊጨፍር ነው?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ወረቀቱን ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ። "ሠራተኛን የሚያዋርድ ግጥም አንቀበልም" ይላል። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ብትኖር ቅዳሜ ቤት አታስገባኝም ነበር።

የሺ ለፊርማ የጣት አሻራ ቀለም ይዛ ነበር። ገፋሁትና ስሜን በእጄ ጻፍኩ። ተጣሟል፣ ግን ይነበባል።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። እሷም ስትወጣ "አባባ፣ በሩን ይዝጉት፣ ይበርዳል" አለችኝ።