የላምሽና የፈረሱ ኪንታሮት

ጥር ፲፬ ቀን፣ ከቤተ ሙከራው

ለታናሽ እህቴ፣ ለላሞቹ ባለቤት፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በአንቺና በጎረቤትሽ በባለጋሪው መካከል ስለ ተነሣው ክርክር ማረጋገጫ ስጠኝ ስላልሽኝ ነው።

አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ ከሳሉ ተነሣ? ልጆቹ ከትምህርታቸው አልታጎሉም? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከእናንተ መራቄ ካልሆነ በቀር የሚቆረቁረኝ የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ ከቀይዋ ላም አንገት የቆረጠው ኪንታሮትና ከባለጋሪው ፈረስ ጆሮ ሥር የወሰደው እብጠት ሳይበላሹ ደርሰውኛል። ባለጋሪው በሽታው ከላሟ ወደ ፈረሴ ተጋባ ይላል፤ አንቺ ግን ፈረሱ የታመመው በራሱ ጦስ መሆኑን ጽፈህ በማኅተም ላክልኝ ብለሻል። በሰፈር ሰው ፊት «ላሞቼ ፈረስ መሳም የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው? አንተ ውሸታም!» ብለሽ ባለጋሪውን መሣቂያ ማድረግሽንም ሰምቻለሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ፍርድ ግን አይደለም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ኪንታሮት የሚያወጡት ቫይረሶች ዘመዳሞች ናቸው፤ የላም አለ፣ የፈረስ አለ፣ የውሻም አለ። የእያንዳንዱ ሙሉ የዘር መልእክት፣ ጂኖም የምንለው፣ በአራት ዓይነት ፊደል ብቻ የተጻፈ ሆኖ ርዝመቱ ስምንት ሺህ ፊደል ገደማ ነው። ማሽኑ ያነብልናል፤ እኛ ጎን ለጎን አሰልፈን የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለያይ እንመረምራለን። የኔታ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ግልባጭ ዘርግተው ሲያርሙ፣ በሁለቱም ላይ ያው ግድፈት ሲያገኙ ከአንድ ምንጭ ተቀድተዋል ይሉ ነበር። የእኔም ሥራ ከዚያ አይርቅም።

በፈረሱ እብጠት ያገኘሁትን ከፈረሶች የኪንታሮት ቫይረስ ጋር አስተያየሁት፤ ዝምድናው የሩቅ ነው። ከላምሽ ጋር አስተያየሁት፤ ፊደል በፊደል ገጠመ። በመዝገባችን ካሉት የላም ቫይረሶች በአንዱም ያላየኋቸው ሦስት ለውጦች በላምሽም በፈረሱም ላይ አሉ። ስሕተት እንዳይሆን ከሌላ ቁራጭ ደግሜ አስነበብሁ፤ ያው ነው። የላም ቫይረስ ወደ ፈረስ መሻገሩም አዲስ ነገር አይደለም። ዝንብ ያሻግረው ወይስ ሁለቱ የሚታከኩበት አጥር፣ ጂኖሙ አይነግረኝም፤ ያልነገረኝንም አልጨምርም። ባለጋሪው ያለው ግን እውነት ነው።

አብራኝ የምትሠራው፣ «ዳኛው» እያለች የምትቀልድብኝ ልጅ፣ ናሙናው መንገድ ላይ ተበላሸ ብለህ ብትጽፍ ማን ያውቃል አለችኝ። እኔ አውቃለሁ አልኋት። ላምሽ ታመመች እንጂ አልበደለችም፤ በሽታውንም አንቺ አላመጣሽውም። በደልሽ እውነት የተናገረን ሰው በአደባባይ ማዋረድሽ ነው። እርሱም ወተትሽን ይጭንበት የነበረውን ጋሪ ከደጅሽ አስቀረ፤ አንቺም የወተቱን ጀሪካን በጀርባሽ እያመላለስሽ ጉልበትሽን ትጨርሻለሽ። ሂጂና ስድቡን በሰሙት ሰዎች ፊት ይቅርታ ጠይቂው። ታላቅሽ ነኝና አዝዝሻለሁ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን በርታ በይልኝ፤ ትልቋን ልጅሽን ስለ ጽሕፈቷ አመስግኚልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ቢሸሽም አትተዪው።

ውጤቱን ከአንቺ በፊት ለባለጋሪው በስልክ ነግሬዋለሁ፤ የተበደለ ሰው ቀድሞ መስማት አለበት። ብትቀየሚኝም ተቀየሚኝ። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ከላሞቿ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ሰው ሲስቅብኝ ነው የከረምኩት። እሷ አንዴ ተሳስቻለሁ ትበል እንጂ፣ ጋሪውስ በሯ ላይ ያድራል።»