ለእማ ያልደረሰው ጁስ

ላንቴ፣ ጥቅምት 7

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጨጓራሽ እንዴት ነው? ጁስ ቤቱስ? ሠራተኛሽ አገኘሽ ብቻዋን ትችለዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አክስታችንም ደህና ናት፤ ሙዟ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ልቤ ለስልሶ እንዳይመስልሽ። ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጀመር ነውር ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ልጣላሽ ስነሳ እንኳ የአንቺን ትምህርት መከተሌ ያበሽቀኛል።

ያልደወልኩት ስለምታቋርጪኝ ነው። ሁለት ቃል ሳልጨርስ እሺ፣ ገባኝ፣ ገባኝ ትያለሽ፤ ምንም ሳይገባሽ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። የጎረቤታችን ሾፌር ካሱ ነገ ሙዝ ጭኖ ወደ ሲቀላ ስለሚሄድ እሱ ያደርስልሻል።

ትናንት ጋሽ ጌታነህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እዚህ ድረስ መጡ። ከቸንቻ ላንቴ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የአንቺን ውዳሴ ጀመሩ። ለእርቅ እርጥብ ሳር በእጅሽ ይዘሽ ሸማኔው ጋሽ ዳምጤ ደጅ መድረስሽን፣ ጭቃው ላይ መንበርከክሽን፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ማለትሽን አንድ በአንድ ነገሩኝ። የፓኬቱን መቅደጃ በምላጭ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፣ አብዝቼ ቆረጥኩት፣ እህቴ የምታውቀው ነገር የለም ብለሻል አሉ። ጎሜ ነው፣ የተደበቀ ጥፋት ካልተነገረ ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል፣ እሷ ግን ተናግራ ቤታችሁን አዳነች አሉኝ። እሁድ እርቁ ይፈጸማል፤ የእኔ ሥራ መጥቶ ከኋላሽ መቀመጥ ብቻ ነው። ሲነሱ ጋሽ ጌታነህ ትከሻዬን ይዘው ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ፤ “አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ዝም ማለት እንደሆነ ታውቂበታለሽ።” ሊያመሰግኑኝ ብለው ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሁሉ ጎኔ አላረፈም።

ማን ጠየቀሽ? እስኪ ንገሪኝ፣ ማን ለምኖሽ ነው? ምላጩን በሕይወትሽ አንድ ቀን ይዘሽ አታውቂም። ምላጩ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አታውቂም። አንቺ ማንጎ ትልጫለሽ፣ ደንበኛ ታስቂያለሽ፣ ሰው ታዣለሽ። ያልሠራሽውን ሠራሁ ስትዪ ሽማግሌዎቹ ፊት አልፈራሽም? እኔን ሐሰት ነውር ነው ብለሽ በኩርኩም ያሳደግሽኝ ሴት!

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። አባታችን ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል ወጥተሽ ለእኔ ደብተር ገዛሽ። አውቃለሁ። የማላውቅ ይመስል በየሳምንቱ ታስታውሺኛለሽ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ሳጣ የጁስ ቤቱን የጓሮ ክፍል ሰጠሽኝ። እሱንም አውቃለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ስለሆንን ተሳፋሪው ጁሱን ይዞ መሄድ ይፈልግ ነበር፤ አንቺ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት እያሰርሽ ትሸጪለት ነበር፤ መኪናው ሳይነሳ ጭኑ ላይ ይፈስስበታል። የወረቀት ፓኬት እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን እንኳ ለሰው ስታወሪ እንሥራ አልን ትያለሽ።

ስድስት ወር እንዴት እንደሠራሁ የምታውቂው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ለሌላ ሰው ልክሰስሽም አልችልም። ፓኬት ቀላል ነገር ይመስላል። ሁለት ተቃራኒ ነገር ግን ከአንድ ወረቀት ይጠየቃል፤ ሲነኩት ይከፈት፣ ካልነኩት ደግሞ ጠብ አይበል። ወረቀቱን በምላጭ ጥቂት ከቆረጥሽው ሰው በጥርሱ ይታገለዋል፤ ካበዛሽው በገዛ ክብደቱ ይተረተራል። ውስጡ ያለው ስስ ፕላስቲክ ሳይነካ ላዩን ወረቀት ብቻ መቁረጥ አለብሽ። ጥግ ላይ ጆሮ የምትመስል ጫፍ ሠራሁለት፣ ይዘሽ ስትስቢያት መስመሩን ተከትላ እንድትከፈት። ለዚያች ጆሮ ብዬ ስንት ቀን ጥግ ላይ ተቀምጬ የሰው እጅ ስመለከት ዋልኩ። የባጃጅ ሾፌር በአንድ እጁ፣ ነፍሰ ጡሯ ልጇን አቅፋ፣ አዛውንቱ ጥፍራቸው ተሰብሮ። በየማታው ፓኬቶቹን ገልብጬ ሶፍት ላይ አሳድር ነበር፤ ጠዋት ሶፍቱ ደርቆ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ለአንቺ ለመንገር ስሮጥ፣ አንቺ ከደንበኛ ጋር ወሬ ላይ ነሽ።

ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ። አታስታውሺም፣ ምክንያቱም የተናገረ ይረሳል። አንድ ባለ ነጭ ሸሚዝ ሰውዬ ጆሮዋን ስቦ ስቦ ሲያቅተው በጥርሱ ያዘው፤ ደረቱ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ሰው ሳቀ። ይሳቅ፣ እኔም ልስቅ ነበር። አንቺ ግን ብርጭቆሽን አስቀምጠሽ፣ ቤቱ እስኪሰማ ድረስ እንዲህ አልሽ፤ “አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ የተማረችው ወረቀት ማጠፍ ነው። እሱንም አልቻለችበትም።” ሠራተኛሽ ፊት። ሰፈሩ ፊት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ምላጩን አሳርፊበት፣ ሰው በትንሽ ጣቱ ይክፈተው አልሽ። እሺ አልኩ። አንዴ ይሰመር የነበረውን ሁለቴ አሰመርኩት። በትንሽ ጣት ተከፈተ። ጨበጨብሽ።

ያ ቃል ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ሳቅሽና አለፈልሽ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁስ ቤቱ ውስጥ ሥራ ሥራዬን እንጂ አንቺን አላየሁም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። አጋማሹ እንዳለፈ ለጾሟ ይሆናታል ብለሽ አራት ፓኬት የማንጎ ጁስ አስይዘሽ ወደ እማ ላክሽኝ። ወደ ቸንቻ የሚወጣ መኪና ላይ ተቀምጠሽ የቺፕስ ከረጢት አይተሽ ታውቂያለሽ? ታች ሲቀላ ጨምዳዳ የነበረው ዶርዜ ሲደርስ ሊፈነዳ እስኪደርስ ይነፋል። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ውስጥ የታሸገው ይለጠጣል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። እኛ ሁለታችንም ቸንቻ ተወልደን፣ ያን ዳገት ሺ ጊዜ ወጥተን ወርደን፣ ፓኬቱን ሲቀላ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ፈተንነው። የታችኛው ሰው ቢስተው እሺ፤ የደጋ ልጅ ይስተዋል?

እማ ቤት ስደርስ እጄ ባዶ ነበር። ቦርሳዬን ጓሮ ወስጄ ሁለቴ አጠብኩት፤ እማ ምን ነካው ብትለኝ ጭቃ ነው አልኳት። ማታ ደውለሽ ጁሱ እንዴት ነው ስትያት የምን ጁስ አለችሽ። አንቺም ስቀሽ ያቺ ሆዳም መንገድ ላይ ጠጥታዋለች አልሽ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰምቻለሁ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ቀን እስከ መስቀል አርባ ቀን ነበር። አርባ ቀን አብረን ቁርስ በላን። የቸንቻው ነጋዴ ሀብተጊዮርጊስ ለመስቀል ስድስት መቶ ፓኬት ሲያዝ እልል አልሽ፣ አገኘሽን አቀፍሽ፣ እኔን ግን ምላጩን እንዳትረሺ አልሽኝ። በእነዚያ አርባ ቀናት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ ያን ቃል የተናገርኩት ተሳስቼ ነው ብትዪ ኖሮ! አንድ ጊዜ ዞር ብለሽ ደክሞሻል ወይ ብትዪኝ! ምንም። ታዲያ እኔስ ለምን አፌን ልክፈት? ስድስት መቶውን አሰመርኩ፣ አሸግኩ፣ ቆጥሬ አስረከብኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሀብተጊዮርጊስ ፓኬቶቹን ከላይኛው መደርደሪያ ደረደራቸው፤ ከሥሩ ጋሽ ዳምጤ ለመስቀል ገበያ በአደራ ያስቀመጡት ጋቢ ነበር። የሦስት ወር ሥራቸው። አሥራ ሁለት ጋቢ፣ እንደ ወተት የነጣ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ጁሱ ከላይ እስከ ሥር ዘልቆት ነበር። የማንጎ እድፍ እንደማይለቅ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እማ እንደነገረችኝ ጋሽ ዳምጤ አንዱን ጋቢ ዘርግተው አይተው መልሰው አጠፉት። በዚያ መስቀል ቤታቸው በሬ አልታረደም። የሚፈነዳ ጁስ የምትሸጠዋ እየተባልሽ በሲቀላ ሲሳቅብሽ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር። ጋቢው ግን በሐሳቤ አልነበረም። ይህን በእማ ስም እምልልሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። የጋቢው ወሬ በደረሰን ማግስት፣ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄያቸው የነበሩት አራት የተተረተሩ ፓኬቶች አልጋዬ ላይ ነበሩ። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ተደራርበው። ማን ሻንጣዬን ክፈቺ አለሽ? ልብሴን ልታጥቢልኝ እንደነበር አገኘሽ ነገረችኝ። ይሁን። ታዲያ ለምን አልጮህሽም? በጥፊ ብትመቺኝ፣ ከቤቴ ውጪ ብትዪኝ፣ ያሳደግኩሽ እኔ የሚለውን የዘወትር ዜማሽን ብታዜሚው እንዴት ደስ ባለኝ! እራት አቀረብሽልኝ። ብርድ ነው፣ ልበሺ አልሽኝ። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሳሩን ቆርጠሽ ቸንቻ ወጣሽ። እኔም ልብሴን ጠቅልዬ ላንቴ መጣሁ። ሰው ሁሉ በንዴት እህቷን ጥላ ሄደች ይላል። ይበል።

ውለታሽ ሰልችቶኛል። ደብተሬን ገዛሽ፣ ጫማዬን ገዛሽ፣ አሁን ደግሞ ጎሜዬን ልትገዢልኝ ነው? እሱ የሚገዛ አይደለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንደሚባለው አንቺ ደግ ወጣሽ፣ እኔ የወጣሁትን ወጣሁ፤ ግን የወጣሁትን ልሁንበት፣ ተዪልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ ስለ እኔ የምትዋሺ ከሆነ እህቴ አይደለሽም።

ለነገሩ እዚህ ተቀምጬ ሙዝ ብቻ አልበላሁም። ወረቀት ነበረኝ፤ ፕላስቲኩን በካውያ ማጣበቅ ይቻላል። መስመሩን መልሼ አንዴ ብቻ አደረግኩት፤ ቀጥ ያለውን ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ሲል ጎበጥ አስደረግኩት፣ ጣት ሲስበው እንዲቀል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመታሸጉ በፊት አናቱን ጨምቄ አየሩን አስወጣሁት። አሥር ፓኬት ይዤ ሁለት ጊዜ በመኪና ቸንቻ ወጣሁ። አንዱም አልተነፋም። አንዱን እማ በራሷ እጅ ከፈተችው፤ ጠጥታ ስኳር በዛበት አለች። አራቱን ካሱ ይዞልሽ ይመጣል። የተገኘው ከብዙ ጥፋት በኋላ ስለሆነ አላመሰግንሽም፣ አንቺም እንዳታመሰግኚኝ።

ስለ እሁዱ ጉዳይ። ጋሽ ጌታነህን እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ከኋላሽ ተቀመጪ ያሉኝን ግን አልተቀበልኩም፤ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ለአንቺ ግን እየነገርኩሽ ነው። ጋሽ ዳምጤ ደጅ ከእኔ ቀድመሽ ከደረስሽ ነጠላሽን አስተካክለሽ ቁሚ። አፍሽን እንዳትከፍቺ። አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወትሽ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ።

አምላክ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ ጨጓራሽን ይማርልሽ፤ እንጀራሽን ያብዛልሽ። ይህን ሁሉ ከልቤ ነው፣ ንዴቴም ከልቤ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደምታዪኝ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ግን፣

ታናሽሽ