የጀሪካን ታንኳ

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ወገብዎ መቅዘፉን እንዴት ቻለው? ክረምቱን በሰላም ወጣችሁ? እማዬስ ሳሏ ተሻላት ወይስ አሁንም መድኃኒቷን እየደበቀች ድኛለሁ ትላለች? እህቴ አዲስዓለም፣ ወንድሜ ካሳ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም ልል ነበር፣ ግን ውሸት ይሆንብኛል። የሚያመኝ አለ። በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፅዎን ስሰማ አንደበቴ ይያዛል። ስለዚህ ይህን አዲስዓለም ታንብብልዎ። ካሳ አጠገባችሁ እንዳይሆን፤ እሱ እዚያ ሆኖ ሲስቅ እኔ እዚህ ይሰማኛል።

የመስከረሙን ነገር ግማሹን ነግሬዎት ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሙናዊር፣ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር በሚወርደው ወንዝ ቆሻሻ እንዳይጣል ሰዉን ለማሳመን ስብሰባ ቢጠሩ ቢጠሩ የሚመጣ ጠፋ። መርካቶ ማን ለስብሰባ ጊዜ አለው! አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ የእርስዎን ነገር አጫወትኳቸው። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፉ እንደሚያዜሙ፣ ከመነሳትዎ በፊት አንድ እፍኝ ከሐይቁ ዘግነው እንደሚጠጡ፣ እኔንም ሳልጠጣ መቅዘፊያ እንደማያስነኩኝ፣ ውሃው ላይ የተፋ ተሳፋሪ ካለ እስኪወርድ ድረስ ዘፈኑን እንደሚያቋርጡበት። ጋሽ ሙናዊር ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ በል እንግዲህ ይህንኑ እዚህ አምጣልን፣ ምክር የሰለቸው ሰው ዘፈን ሲሰማ ይቆማል አሉኝ።

መርካቶ ለታንኳ የሚሆን ደንገል ከየት ይመጣል? ሃያ አራት ባዶ ጀሪካን እርስዎ ደንገሉን በሚያስሩበት አስተሳሰር ጠፍሬ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጌ ታንኳ አስመሰልኩት። የመስቀል ማግስት እሑድ ጠዋት ድልድዩ በሰው ተጨናነቀ፤ የታክሲ ረዳቶች እንኳ መጣራታቸውን ትተው ቁልቁል ያዩ ነበር። እኔም እየቀዘፍኩ ዜማዎን ለቀቅሁት፤

አባይ ሆደ ሰፊው፣ ሁሉን ትችላለህ፣
የጣሉብህን ግን ለማን ትነግራለህ።

ወይ አባዬ፣ ቢያዩ! የሶማሌ ተራው ነጋዴ፣ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው እያጨበጨበ ተቀበለኝ። ድምፄ የእርስዎን ሩብ አይሆንም፤ ቢሆንም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው የሰደዱ እናቶች አየሁ። የዚያን ዕለት ስንትና ስንት ባለሱቅ ወንዙ ውስጥ ምንም ላይጥል ፈረመ። የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነበር። ይህን ነው በስልክ የነገርኩዎት፤ እርስዎም ልጄ ዘፈኔን አገር አሰማልኝ ብለው መረቁኝ።

ያልነገርኩዎትን ደግሞ ይስሙኝ። ሥራዬ በርሜልና ጀሪካን መሸጥ ነው ብዬዎታለሁ። መሸጥ ብቻ አይደለም። ምናለሽ ተራ ከባልደረባዬ ከፈርሀት ጋር ኬሚካልና ቀለም የነበረበትን ዕቃ እየገዛን፣ ቆዳ በሚያቃጥለው በኮስቲክ ሶዳ አጥበን ነው የምንሸጠው። እጣቢውን የምንደፋው እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ቀኝ አይቼ ነበር የምደፋው፤ ኋላ ግን ፊቴን የታጠብኩበትን ውሃ የመድፋት ያህል ቀለለኝ። ይባስ ብሎ፣ በዘፈንኩ ማግስት ሰኞም ደፍቻለሁ። ፈርሀት እንኳ ኧረ ዘውገ ነውር ነው፣ ትናንት ፈርመን ቢለኝ፣ የተጠራቀመው ይውጣና ከዚያ እንተዋለን ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ የእርስዎ ልጅ።

ከድልድዩ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ጎመን እያለሙ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እትዬ አመተ ሥላሴ የሚባሉ ሴት አሉ። የዘፈንኩ ለት እጄን ይዘው፣ የጎመናቸው ቅጠል በየጊዜው እንደሚቃጠል፣ ማን ምን እንደሚደፋባቸው እንደማያውቁ፣ ሰውየው ዘፈኔን ሰምቶ ከሆነ ግን ልቡ ሳይራራ እንደማይቀር ነገሩኝ። ግንባሬን ስመው አንድ እቅፍ ጎመን አሸከሙኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ። ተክለ ሃይማኖት ጋ ስደርስ ግን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ምን ጠጥቶ እንደበቀለ አውቃለኋ!

ከዚያ ወዲህ ጎመን የሚባል አልቀመስኩም። ጭራሽ ጋሽ ሙናዊር፣ በኅዳር አባትህን እናስመጣና ታንኳው ላይ ያዚሙልን፣ መሳፈሪያውን እድሩ ይችላል ብለው ተነሡ። ሌላው ደስ ሲለው እኔ ማስቀሪያ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ። እርስዎን አውቅዎታለሁ፤ ሳይጠጡ አይቀዝፉም። ስንቱ አይሆንም ቢልዎ እፍኝዎን ዘርግተው ከዚያ ውሃ ይዘግናሉ።

ስለዚህ ትናንት እትዬ አመተ ሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ እጣቢውን የምደፋው እኔ ነኝ አልኳቸው። መኮትኮታቸውን አቁመው አዩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያን ለት የሰጠሁህን ጎመን በላኸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት ሰለቸኝ፤ ጣልኩት አልኩ። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ እኛ ግን በልተነዋል፣ ልጆቹም በልተውታል አሉ። መኮትኮታቸውንም ቀጠሉ።

እጣቢው አሁን በርሜል ውስጥ ተከድኖ ተቀምጧል። እሑድ እድሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ፈርሀትም አብሬህ እቆማለሁ ብሎኛል። ጋሽ ሙናዊር ቢደውሉልዎ እሺ እንዳይሏቸው አባዬ። ናፍቆትዎ እየገደለኝ ነው አይምጡ የምለው። ምርቃትዎንም ከፈለጉ ይመልሱት፤ አልቀየምም።

እማዬን ጉልበቷን ስማችሁ ሰላም በሉልኝ፤ መድኃኒቷንም ትዋጥ። አዲስዓለምን ይህን ስላነበበች ግንባሯን፣ ልጆቿንም አንድ በአንድ ሳሙልኝ። ካሳንም ሰላም በሉልኝ፤ የጻፍኩትን ከጠየቃችሁ አትደብቁት፣ ይሳቅ።

ልጅዎ ዘውገ

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.