ያጠረው ሾክ

ጀይላን፣
ሞተራችንን ግንቡ ላይ አስደግፌዋለሁ፤ እንዳትነካው። የኋላውን ሾክ፣ ንዝረት መቻያውን፣ ሳትነግረኝ በአጭር ስታስቀይረው ማቆሚያው ረዝሞ ቀረ። ሲቆም ቀጥ ይልና ይወድቃል። ትናንት የአከራያችንን የእማማ ፀሐይቱን ሳፋ ሰንጥቆታል። ይቅርታውን አንተ ጠይቅ።

"ዝቅ ሲል ያምራል" አልከኝ። አምሮበታል! ዛሬ ጠዋት እማማን ሐኪም ቤት ሳደርስ አብነት ሰፈር ያለው ጉብታ ላይ የጭስ ማውጫው ማርሚታ አስፋልቱን እየፋቀ አለፈ። ከኋላዬ ሆነው፣ "ልጄ፣ እየነዳህ ነው ወይስ እያረስክ?" አሉኝ። የታክሲ ረዳቶቹ በሳቅ ሞቱ።

ለማማር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ሜክሲኮ መብራት ላይ እግርህ መሬት አልደርስ ብሎህ እኔንም ይዘኸኝ ወደቅክ። ከሰው ሁሉ በላይ የሳቀው ማን እንደነበር...
እሱን እንተወው።

የድሮው ሾክ አልጋህ ስር ነው። አብነት ሰፈር ያለው መካኒክ ጋ ይዘኸው ሂድና ያስገባልህ። ከዚያ የመቀመጫውን ስፖንጅ ይቀንስልህ፤ እግርህ ይደርሳል፣ ማርሚታውም ይተርፋል። አነጋግሬዋለሁ፣ እየጠበቀህ ነው።

"ረዝሞብኛል" ብትለኝ እኮ አልስቅብህም ነበር።
እሺ፣ እስቅ ነበር።
ግን ስቄ ስጨርስ አብሬህ እሄድ ነበር።

አብዱልሃኪም