የኤልሳቤ እጆች

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1976፣ ሞንታጉ
የወይን ለቀማው ሦስተኛ ቀን። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ኤልሳቤ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳትሠራ ጠፋች። ፈልጌ ሳገኛት መስኖው ዳር ተደፍታ እጇን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ነክራለች።
«ተቃጠልኩ እማ!»
«ፀሐይዋ ላንቺ ብቻ ነው የወጣችው? ሰው ሁሉ እየሠራ!»
እጇን አገላብጬ አየሁት። ቁስል የለ፣ ምን የለ። ጎትቼ አስነሳኋትና በጥፊ አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት እንዲህ ስንፍና... ባሌ ሪናርት «ተያት» አለኝ። እሱ መቼ ልጅ መቅጣት ይሆንለታል!

ፌብሩዋሪ 10
እጇ አብጦ ማንኪያ መያዝ አቃታት። ፊቷም አብጧል። አታናግረኝም።

ፌብሩዋሪ 13
አስተማሪዋ ደወለች። ኤልሳቤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ «ተቃጠልኩ» እያለች ስታለቅስ ነበር አለችኝ። መስኮቱ ደግሞ ዝግ ነው፤ በመስታወቱ የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው።
«እየዋሸች አይደለም። ሐኪም ይያት።»
አፈርኩ። ተናደድኩም። በማን?

ማርች 4፣ ኬፕታውን
ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ደም ሲሠራ ፖርፊሪን የሚባል ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ ብረት ይገባበታል። የኤልሳቤ ሰውነት ብረቱን በደንብ ማስገባት አይችልም። ብረት ያላገኘው ትርፍ ቀይ የደም ሴሎቿ ውስጥ ይጠራቀማል። ብርሃን ሲያገኘው ከቆዳዋ ሥር ያቃጥላታል።
«ከላይ ምንም ሳይታይ?»
«ምንም ሳይታይ።»
መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም ጠየቀኝ። ፖርፊሪን የሚያስጠራቅም መድኃኒትም አለ። ምንም አትወስድም አልኩት።
«እንግዲያው በዘር የመጣ ነው።»
ክፍሉን አጨልሞ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። ሐምራዊ ብርሃን ሲያበራበት የልጄ ደም እንደ ፍም ቀላ። ሴሎቹ አንድ በአንድ... ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ይኼን ይዛ ነው ወይን ልቀሚ ያልኳት።
«ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሌላ ሰው አለ?»
«የለም» አልኩ።

ማርች 5
አለ። ታላቅ እህቴ ፍሬዳ።
ልጅ ሆነን እጇን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ጎተራ ውስጥ ትደበቅ ነበር። ለአባዬ የማሳብቀው እኔ ነኝ። «ጎተራ ናት!» እያልኩ። አባዬ ቀበቶውን ይፈታል። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ...
አባዬን ከቀበርን ወዲህ አልተነጋገርንም። አሥራ ሰባት ዓመት።

ማርች 19
ደወልኩላት። ሦስቴ ስልኩን አንስቼ ሦስቴ ዘግቼ ነው። ስለ ኤልሳቤ ደም ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳት።
«ዲርኪ» አለችኝ። «ስም አለው ማለት ነው?»
«አለው።»
«አርባ ስድስት ዓመቴ ነው'ኮ። ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።»
ይቅርታ ልላት ነበር። ስለ ወይን ለቀማው ማውራት ጀመርኩ።
«ልጅቷን አምጫት» አለችና ዘጋችው።

ኤፕሪል 10
ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘጋና ፍሬዳ ወዳለችበት ዉስተር ሄድን። የፍሬዳ ቤት መጋረጃው ወፍራም ነው። ፀጉሯ ሸብቷል። በሩን ከፍታ እኔን አላየችም፣ ኤልሳቤን ነው ያየችው።
«ሲጀምርሽ እንደ ጉንዳን ነው አይደል?»
«አዎ! ከዚያ እንደ መርፌ!»
«ከዚያ ብርድ ልብስ ሲነካሽ እንኳ...»
«እሪ ያሰኛል!»
ሁለቱም ሳቁ። ልጄ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ባዶ ወንበር ነበር፤ ተቀመጪ ያለኝ ግን የለም። ቆሜ «ይቅር በይኝ፣ ፍሬዳ» አልኳት። እጇን ሳትሰጠኝ «ሰምቼሻለሁ» አለችኝ።
ልንሄድ ስንል ኤልሳቤ «እማ፣ እስከ ትምህርት መክፈቻ እዚህ ልቆይ?» አለች። ከዚያን ቀን ጥፊ ወዲህ አንድ ነገር ስትለምነኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። እሺ አልኩ። ምን ልበል?
ብቻዬን ነድቼ ተመለስኩ። ሪናርት ደጅ ወጥቶ «ልጅቷስ?» አለኝ።
«የሚያምናት ሰው ጋ ናት» አልኩት።