የ«ሥር» ማኅበር መሥራች የወ/ሮ ዘኖቪያ ሙንትያኑ የሕይወት ታሪክ (1951–2024)

ወ/ሮ ዘኖቪያ ሙንትያኑ ከአባታቸው ከአቶ ኢላሪዮን ቼባንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቴክላ ቡዙ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1951 በደቡብ ሞልዶቫ፣ በቫሌያ ሴአካ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመጣው ረሃብ የመጀመሪያ ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረው ስለነበር፣ እርሳቸው ሲወለዱ በቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ የተደሰተ ሰው አልነበረም። እናታቸው ይህችም እንዳትሞትባቸው ፈርተው፣ ሕፃኗ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ስሟን ለጎረቤት አይናገሩም ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ ተከታትለው ወደ ኪሺናው በመሄድ እ.ኤ.አ. በ1973 በግብርና ሙያ ተመረቁ። በከተማው ምርምር ጣቢያ እንዲቀሩ ቢጠየቁም ወደ መንደራቸው ተመልሰው በኅብረት እርሻው የሰብል ባለሙያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአቶ ቲሞፌይ ሙንትያኑ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኮርኔልንና ሩክሳንዳን አፈሩ። አቶ ቲሞፌይ ንብ አናቢ ነበሩ፤ ሳቂታና ለሰው የሚራሩ እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

ኅብረት እርሻው በፈረሰ ጊዜ መሬቱ ተከፋፈለ፤ ማሳውን ከደረቅ ነፋስ ይከልሉ የነበሩት የዛፍ ረድፎች ግን ባለቤት አጡ። ሰው ሁሉ ለማገዶ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ፤ በጥቂት የበረዶ ክረምቶችም አለቁ። ከዚያ በኋላ በየጸደዩ ጥቁሩ አፈር እየተነሣ በመስኮት ይገባ፣ በበቆሎ ገንፎው ላይ ሳይቀር ያርፍ ጀመር። አቶ ቲሞፌይም ንቦቹ የሚቀስሙት አበባ ስላጡ ቀፎዎቻቸውን ትተው ለግንባታ ሥራ ወደ ሞስኮ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሕንፃ ላይ ወድቀው ሞቱና ሬሳቸው ተመለሰ። ወ/ሮ ዘኖቪያ ባለቤታቸውን በቀበሩበት ዕለት ነፋሱ የመቃብሩን አፈር እያነሣ በሐዘንተኛው ፊት ላይ ይበትነው ነበር። እርሳቸውም ለእህታቸው «ይህ ነፋስ ሰውየውን ወሰደብኝ፤ አሁን ደግሞ የምቀብርበትን አፈር እየወሰደ ነው» ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ ይታወሳል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ከመንደሩ ነርስ ከወ/ሮ ፌቭሮኒያ ጋር በመሆን «ሥር» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ሁለት ነበር፤ የነፋስ መከላከያ ዛፎችን መልሶ መትከልና የመንደሩ ሰው፣ በተለይም ሴቶችና ወጣቶች፣ ስብሰባ መምራትን፣ ሐሳብን በድፍረት መናገርን፣ የመረጡትን ሰው መጠየቅን እንዲማሩ ማድረግ። የጊዜው ከንቲባ በገበያ መሐል አግኝተዋቸው፣

«ዘኖቪያ፣ አሮጊቶቹን ሰብስበሽ መሪ ልታደርጊያቸው ነው አሉ። ማንን ሊመሩልሽ ነው? ዶሮዎቻቸውን?» ብለው ቢሳለቁ፣

«ዶሮዎቹማ ከምክር ቤትህ ይሻላሉ፤ ሲጠሯቸው ይመጣሉ» ብለው መለሱላቸው። ገበያተኛው ሳቀ። በሚቀጥለው ምርጫ ከእነዚያ አሮጊቶች ሁለቱ ምክር ቤት ገቡ።

መሪነት ልማር ብሎ የመጣን ሰው አስቀድመው ችግኝ ያስተክሉት ነበር። የተከለውን በድርቅ አጠጥቶ ካላጸደቀ ንግግር አያስተምሩትም። «ለዛፍ ያልታገሠ ለሰው አይታገሥም» እያሉ ስንቱን ወጣት አስለቅሰዋል። ያም ሆኖ የማኅበሩ ሥራ ወደ አጎራባች መንደሮች ተስፋፋ፤ ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ከንቲባ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና የውኃ ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑ አሉ።

የሚበዙት ግን ተሰደዱ። በሰው ፊት መቆምን የተማረ ወጣት በባዕድ አገርም ሥራ መጠየቅ አይፈራም ነበርና፣ ትምህርቱ ራሱ መንገድ ከፈተላቸው። ወ/ሮ ዘኖቪያ ሁሉንም እስከ አውቶቡሱ ይሸኙ ነበር፤ «መሪ አሳድጌ ለአውቶቡስ እገብራለሁ» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ኮርኔልና ሩክሳንዳም በዚያው አውቶቡስ ሄዱ። ሩክሳንዳ ወደ ኢጣሊያ እንዲመጡ ደጋግማ ብትለምናቸውም፣ «እኔ ከመጣሁ እናንተ ወዴት ትመለሳላችሁ?» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጧትም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ቤት የሚሞቅበት የጋዝ ዋጋ ሰው ከሚችለው በላይ ሆነ። ማኅበሩ ለሃያ ዓመታት ያሳደገው የግራር ረድፍ ከመንደሩ በስተ ደቡብ ቆሞ ነበርና ሁሉም ዓይኑን ወደዚያው ጣለ። ወ/ሮ ዘኖቪያ የሚገባበት ልጅ በመታጣቱ ተዘግቶ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በሆነው መዋዕለ ሕፃናት ስብሰባ ጠሩ። ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉት አቶ ጋቭሪል ተነሥተው፣

«እትዬ ዘኖቪያ፣ ሕፃናቱ ካፖርት ለብሰው ነው የሚተኙት። እኔ ዛፍ ልጠብቅ ወይስ ልጅ?» አሉ።

«ልጅ ጠብቅ እንጂ። ግን የዛሬ ዓመት ምን ታነዳለህ?»

«የዛሬ ዓመት እኖር እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ማንም አልሳቀም። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ከረድፉ የደረቁት ብቻ ተመርጠው እንዲቆረጡ፣ የጽሕፈት ቤቱ ምድጃም ለመንደሩ ሁሉ እንዲነድና አረጋውያንና ሕፃናት ቀን ቀን በዚያ እንዲሰበሰቡ እጅ በማውጣት፣ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ወ/ሮ ዘኖቪያ በሕይወታቸው ካዩት ስብሰባ ሁሉ ይህ እንደሚበልጥባቸው ተናግረዋል።

ውሳኔው ግን ብዙ አልቆየም። ብርዱ ሲጠና፣ በአንድ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ከደቡብ በኩል የመጋዝ ድምፅ ተሰማ። ወ/ሮ ዘኖቪያ በበረዶው ውስጥ እየወደቁ እየተነሡ ቢደርሱ የረድፉ እኩሌታ ወድቋል። ከቆራጮቹ መካከል የገዛ ወንድማቸው አቶ ኒኪፎር ነበሩ። ይህ እዚህ እንዲነበብ የፈለጉትም ራሳቸው አቶ ኒኪፎር ናቸው። ያን ዕለት ግን ቀና ብለው እህታቸውን ማየት አቅቷቸው፣

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ከብርዱ የተነሣ እግሬ አልሰማኝ አለ» አሉ።

ወ/ሮ ዘኖቪያ አልተሳደቡም፣ ፖሊስም አልጠሩም። ሻርፓቸውን አውልቀው በወንድማቸው አንገት ላይ ጠመጠሙና፣

«እንዲህ አትሰንጥቀው፤ ቅርፊቱን ሳትልጥ፣ ዝቅ አድርገህ፣ በሰያፍ ቁረጠው። ያኔ ያቆጠቁጣል» አሏቸው። ሌሎቹንም እየዞሩ እንዲሁ አሳዩ፤ ራሳቸው ያሳደጉት ዛፍ እንዴት እንደሚቆረጥ ሲያስተምሩ ዋሉ።

በጸደይ አንዳንዱ ጉቶ አቆጠቆጠ። አብዛኛውን ግን የፍየል መንጋ በላው፤ አጥር የሚያጥር ጉልበት ያለው ሰው በመንደሩ አልነበረም። ወ/ሮ ዘኖቪያን ከዚያ ክረምት ጀምሮ ሳል አልለቃቸውም። ሐኪሞች ሳንባቸው መጎዳቱን ነግረዋቸው እንዲያርፉ ቢመክሩም፣ በተሻላቸው ቀን ሁሉ መኮትኮቻቸውን ይዘው ወደ ረድፉ ይሄዱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ከነፋስ ይልቅ የሚያሳዝናቸው ሌላ ነገር ነበር። የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት ለመልቀቅ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ቢጠሩም፣ ሁለቱንም ጊዜ ተተኪ ለመሆን እጁን ያወጣ ሰው አልተገኘም። «መናገር አስተማርኳቸው፤ አሁን ሁሉም የሚናገረው አልችልም ብሎ ነው» ብለው ለአስታማሚያቸው ለወ/ሮ ፌቭሮኒያ ነግረዋቸዋል።

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2024፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ በቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሩክሳንዳ በመንገድ ላይ ሳለች ነበር፤ አልደረሰችም።

ወ/ሮ ዘኖቪያ የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ ኒኪፎርና እህታቸው ወ/ሮ አግሪፒና ከሐዘንተኛው መካከል ይገኛሉ። ከየአገሩ በስልክ ያለቀሱትን ደቀ መዛሙርታቸውንም ቤተሰቡ እንደ ልጆቻቸው ይቆጥራቸዋል።

ሟች ያዘዙትን አንድ ነገር ለማስታወቅ እንወዳለን። ከቀብር በኋላ ለነፍሳቸው የተዘጋጀው የስንዴ ንፍሮ የሚቀመሰው በመዋዕለ ሕፃናቱ ነው፤ በዚያው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ምርጫ ይደረጋል። ሰው ሳይመረጥ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ አደራ ብለዋል። ይህ ጽሑፍ እስከታተመበት ሰዓት ድረስ ለመመረጥ የፈቀደ የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ነፋስ በማይደርስበት ጥላ ያሳርፍ፤ ለእኛም እጃችንን የምናወጣበት ብርታት ይስጠን። አሜን።

የእህታቸው ልጅ ስቴሊያና፣ በቤተሰቡ ስም